በካካዎው ጣሳ ውስጥ ያለችው ሴት

አባቴ ጥሎን ከመሄዱ በፊት አንድ ወር ያህል ጢሙን እየተላጨ ያንጎራጉር ነበር። እናቴ ደስ ብሏት፣ "ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?" ትለዋለች። "ምንም" ይላታል። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ግላድስተን ከተማ ዳቦ ቤት ወደምትሠራ ጠጉረ ወርቃማ ሴት ሄደና በዚያው ቀረ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስለ ወንዶች የተማርኩት የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፤ እየተላጩ ካንጎራጎሩ ነገር አለ።

በዓመቱ እናቴ የማዕድን ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ በአብሳይነት ተቀጥራ ስትሄድ፣ እኔን ብሪዝበን አባትና እናቷ ቤት ተወችኝ። ሴቷን አያቴን ናን፣ ወንዱን ፖፕ ነው የምላቸው። ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤቱ የፖፕ እንጉርጉሮ ሲመጣ ሰማሁና ልቤ ድንግጥ አለ። ደግሞም ፖፕ ሳምንቱን ሙሉ በቁምጣና በነጠላ ጫማ የሚውል፣ ጠጉሩን ለቀብር ካልሆነ የማያበጥር ሰው ነው። ያን ቀን ነጭ ሸሚዝ ተተኩሷል፣ ጠጉር በቅባት ተለጥፏል፣ ጫማ ተወልውሏል።

"የት ልትሄድ ነው?" አልኩት።

"መርከቧ ጋ።"

መርከቧ ቤልያንዶ ትባላለች። ፖፕ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያገለገለባት ፍሪጌት፣ አነስ ያለች የጦር መርከብ ናት። ስታረጅ ወንዙ ዳር ካለው አሮጌ የመርከብ መጠገኛ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ሙዚየም አድርገዋታል። የድሮ መርከበኞች ቅዳሜና እሑድ እየተሰበሰቡ ዝገቷን ይፍቃሉ፣ ቀለም ይቀቧታል፣ ጎብኚ ያዞራሉ። ከቤታችን በአውቶቡስ ቅርብ ናት። ናን ግን አንድም ቀን ረግጣት አታውቅም። ስሟ ሲነሳ ከወንበሯ ትነሳና ሳህን ማጠብ ትጀምራለች፤ የታጠበውንም ቢሆን መልሳ ታጥበዋለች።

ዛሬ የኢንሹራንስ ካሳ መርማሪ ነኝ። ሰው ውሸቱን የት እንደሚያስቀምጥ ማወቅ መተዳደሪያዬ ነው። ሥራውን የጀመርኩት ግን ያን ጊዜ፣ በገዛ አያቴ ላይ ነው።

"እኔም ልምጣ" አልኩ።

ፖፕ ናንን አየት አደረጋት። ናን ጀርባዋን ሰጥታን እቃ ማጠቢያው ላይ አቀርቅራለች።

"ውሰዳት" አለች ሳትዞር። "እዚህ ተቀምጣ ምን ትሠራለች?"

ሄደሽ ጠብቂው ያለችኝ ነው የመሰለኝ። ዛሬ ሳስበው ናን ማለት የፈለገችው ያንኑ ያለችውን ነበር፤ አጠገቧ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ጥያቄ ሳዘንብባት ታክቷት ነው።

መርከቧ ውስጥ ቀለምና ናፍጣ፣ ደግሞም የአሮጌ ሸራ ጠረን ይሸታል። ፖፕ እዚያ ሲደርስ ሌላ ሰው ሆነ። ቤት ውስጥ ቃል በማንኪያ የሚሰጥ ሰውዬ፣ እጆቹን እያወናጨፈ ጎብኚዎቹን በሳቅ ይገድላቸዋል።

"የምንበላው እዚህች ክፍል ነው። የምንተኛውም፣ የምንጽፈውም፣ የምንጣላውም እዚሁ። አልጋችን ሸራ ነበር፤ ከነዚህ መንጠቆዎች ላይ ይንጠለጠላል። መርከቧ ስትዘም አብረን እንዘማለን። የጎረቤትህ ክርን ጎንህን ካልደቃህ እንቅልፍ አይወስድህም።"

"መታጠቢያውስ?" አለ አንድ ጎብኚ።

"አንድ ባልዲ ውሃ ይሰጥሃል። መጀመሪያ ፊትህን፣ ቀጥሎ ገላህን፣ መጨረሻ ላይ ካልሲህን።"

"ቅደም ተከተሉን የተሳሳተ ሰው አልነበረም?"

"ነበረ። ወጥ ቤት መደብነው።"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አባቴም ሊሄድ አካባቢ ቀልድ አብዝቶ ነበር።

ወጥ ቤቱ ጋ ሲደርስ ከመደርደሪያው ላይ ትልቅ ጣሳ አንስቶ ያሳያል። "ካካዎ! እንደ ጡብ የጠነከረ ነው የሚመጣው። በቢላ ይፋቃል፣ የፈላ ውሃ ይደረግበታል፣ ስኳር፣ እንዲወፍር ደግሞ የካስተርድ ዱቄት። ማንኪያ ሰክተህበት ቀጥ ብሎ ካልቆመ ካካዎ አይባልም። ሌሊት ከተረኞቹ ታናሽ የሆነው በጆግ ይዞ ላይኛው ማማ ድረስ ያወጣዋል።" እዚህ ላይ ንግግሩ ይቆረጣል። ጣሳውን ሳይከፍት ወደ ቦታው ይመልስና፣ "እንቀጥል" ይላል። በየሳምንቱ እዚያችው ላይ ነው የሚቆመው። ልብ ብዬ ያዝኩት።

መሰላል ላይ ደግሞ አውሬ ነው። አንዲት ሴትዮ በአንድ እጇ ካሜራ በሌላው ቦርሳ ይዛ ልትወጣ ስትል እስክትደነግጥ ጮኸባት። "አንዱን እጅሽን ባዶ አድርጊ! ባዶ እጅ ነው ያልኩሽ!" ሴትዮዋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ፖፕ ራሱም ደንግጦ ይቅርታ ጠየቃትና ቦርሳዋን ተቀበላት። በትንሽ ነገር የሚቆጣ ሰው ትልቅ ነገር ደብቋል አልኩ በልቤ።

የደበቀውን ለማግኘት ብዙም አልቆየሁ። ጎብኚዎቹ ሲበተኑ ፖፕ ወደ መኝታ ክፍሉ ተመልሶ ጥግ ያለችውን ትንሽ ቁም ሣጥን ከፈተ፤ ከኋላ ሆኜ አየሁት። በሩን ከፍቶ ዝም ብሎ ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ ዘጋውና ሄደ። ኮቴው ሲርቅ ሮጬ ከፈትኩት። ከበሩ ጀርባ አንድ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። አንድ ጺማም ሰውዬ የካርቶን ዘውድ ደፍቷል። ከጎኑ ወገቧ ድረስ የወረደ ነጣ ያለ ጠጉር ያላት፣ ትልልቅ አበባ ያለበት ቀሚስ የለበሰች፣ ከንፈሯን ያጠቆረች ሴት አፏን ከፍታ ትስቃለች። ወገቧን አቅፎ የቆመው ሸሚዝ አልባ ጎረምሳ ፖፕ ነው። ጆሮዎቹ አይሳቱም።

መርፊ የሚባለው የፖፕ ጓደኛ የበር እጀታ ሲወለውል አገኘሁት። ሁሉም በቅጽል ስሙ ድንቹ ይሉታል፤ እኔ ግን ሚስተር መርፊ ነው የምለው።

"ሚስተር መርፊ፣ እዚህ መርከብ ላይ ሴት ነበረች እንዴ?"

"ሴት?" አለና ፈገግ አለ። "አየሻት እንዴ? ንግሥታችን ናታ! በመርከቧ ላይ እንደ እሷ የተወደደ ሰው አልነበረም፤ ለአያትሽ ደግሞ ከሁላችንም ትቀርበዋለች።"

"አሁን የት ነች?"

ፈገግታው ጠፋ። ጨርቁን አጣጠፈ፣ እንደገና ዘረጋው። "ያየሽውን እዚሁ እርሺው የኔ ቆንጆ። ለናንሽ ግን እንዳታነሺባት። አደራ።"

ከዚህ በኋላ ምን ምስክር ያሻል?

ቀጣዩን ማስረጃ ያገኘሁት ጦርነቱ ያበቃበት አርባኛ ዓመት በሚከበርበት ሳምንት ነው። ቤታችን እንደ ሰፈሩ ቤቶች ሁሉ በረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነበር። ከሥሩ የፖፕ መሥሪያ ጠረጴዛና ኮተቱ ሁሉ አለ። አርብ ማታ ራት ከበላን በኋላ እዚያ ወርጄ የሸራ ቦርሳውን በረበርኩ። እጄ ጠጉር ነካ። ረጅም፣ ወርቃማ፣ እጅ ሙሉ ጠጉር! አሸተትኩት፤ ሬንጅ ሬንጅ ይላል። ይቺ ሴት ገላዋን በምንድን ነው የምትታጠበው ብዬ ተገረምኩ።

ገመድ ነበር። ለበዓሉ ማሳያ የሚሆን ሰው ሠራሽ ጠጉር እንዲሠራ ጓደኞቹ አዘውት፣ ማታ ማታ ወፍራም ገመድ እየፈታ ያበጥር ኖሯል። ገመድ ሲፈታ ጠጉር እንደሚመስል በዚያ ዕድሜዬ ከየት አውቃለሁ? የማውቀው የግላድስተኗ ሴት ጠጉር ወርቃማ መሆኑን ነው።

ጠጉሩን እንደጨበጥኩ ከበላዬ፣ በወለሉ ሳንቃ ክፍተት የናን ድምፅ መጣ።

"ነገ እኔም እመጣለሁ።"

"መርከቧ ላይ?" አለ ፖፕ።

"አርባ ዓመት ጠበቅሁህ ክላሪ። አንድ ቀን ራሱ ይነግረኛል እያልኩ።"

"ምኑን?"

"የምታውቀውን።"

ማንኪያ ኩባያ ሲመታ ተሰማኝ። ፖፕ፣ "ብታውቂውም አይጠቅምሽ ኢልማ" አለ።

"የሚጠቅመኝን እኔ ልወቀው። በዓይኔ አይቼ፣ ሰኞ ባንዳበርግ ሚልድሬድ ጋ እሄዳለሁ። እህቴ ቢያንስ ታወራኛለች። መቼ እንደምመለስ አላውቅም። ዝም ካለ ሰው ጋር ዝም ብሎ መኖር ሰለቸኝ።"

ወንበር ተጎተተ። ቀስ ብዬ ወጥቼ በመኝታ ቤታቸው በር አጮለቅሁ። የናን ቡናማ ሻንጣ አልጋው ላይ ተከፍታለች። ኮሪደሩ ላይ፣ ናን በየቀኑ አቧራውን የምትጠርገው ፎቶ አለ፤ ባሕር ላይ የሞተው ወንድሟ ኬልቪን ነው፤ ኬል ነው የምትለው፤ የሰንበት ልብሱን ለብሶ አንድ ነገር እንደመረረው ሰው ኮስትሮ ያያል። ከሥሩ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናቴ ካምፕ ናት፣ አባቴ ግላድስተን ነው፣ ናን ባንዳበርግ ልትሄድ፣ ፖፕ ያቺን ሬንጅ የምትሸት ሴት ሊያመጣ ነው። እኔን ማን ይወስደኛል? መኝታዬ ላይ ሆኜ ዘዴ ፈለግሁ፤ ናን የሴትዮዋን ፎቶ ካላየች ምንም አላየችም ማለት ነው።

በማግስቱ ከፖፕ ጋር ቀድሜ ሄድኩ። እሱ ባንዲራ ሲሰቅል ፎቶውን ከቁም ሣጥኑ በር ልጬ አነሳሁት። የት ላድርገው? ኪሴ አይበቃው፣ ወንዙ ውስጥ እንዳልጥለው በየጥጉ ሰው ቆሟል። መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ትዝ አለኝ፤ ፖፕ በየሳምንቱ የሚያነሳው፣ አንድም ቀን ከፍቶት የማያውቀው። ጣሳው ባዶ ነበር። ፎቶውን ጠቅልዬ ከተትኩና ክዳኑን ገጠምኩ። በራሴ ኮራሁ።

ናን የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ መጣች። ፖፕ ሲያያት ባርኔጣውን አስተካከለ። የባልዲውን ቀልድ ረስቶ አለፈው። ስለ ሸራ አልጋዎቹ ሲናገር ናን መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ ታያለች፤ አንዱን በጓንቷ ነካችው። እኔ ከጎኗ አልለይም። ቁም ሣጥኑ ጋ ስንደርስ አንድ ጎብኚ በከፈተው በር ላይ ምንም አልነበረም፤ ፖፕና ድንቹ መርፊ ተያዩ። አመለጥን አልኩ።

ወጥ ቤቱ ገባን። ፖፕ ጣሳውን አነሳ። ካካዎ፣ ቢላ፣ የፈላ ውሃ፣ ካስተርድ። "ከተረኞቹ ታናሽ የሆነው በጆግ ይዞ ማማው ድረስ ያወጣዋል። እንቀጥል።"

"ከዚያስ?" አለች ናን።

ጎብኚዎቹ ዞረው አዩዋት።

"ከዚያማ ይጠጣል" አለ ፖፕ።

"ታናሹ ማን ነበር?"

"ኢልማ፣ እዚህ ሰው ፊት…"

"ማን ነበር ነው የምልህ?"

ፖፕ ዓይኑን ከናን ላይ ሳያነሳ ጣሳውን ወደ መደርደሪያው ሊመልስ ሞከረ። ጣሳው ከመደርደሪያው ጠርዝ ተጋጭቶ ወደቀ፣ ክዳኑ እየተሽከረከረ ሄደ፣ ፎቶው ናን እግር ሥር ተዘረጋ።

"አላውቃትም!" ብዬ ጮኽኩ። "ፖፕም አያውቃትም! ከመጽሔት ነው የቀደድኳት፣ የኔ ናት!"

ናን ጎንበስ ብላ አነሳችው። መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣ አደረገች። ድንቹ መርፊ፣ "እስኪ ኑ፣ መድፉን ላሳያችሁ" እያለ ጎብኚዎቹን ወደ ውጭ ነዳቸው። ናን ፎቶውን ወደ መብራቱ ያዝ አደረገችው። በሌላው እጇ እጄን ጨበጠችው፤ ከዚያ ሲላላ ተሰማኝ።

"ኬል" አለች።

እኔ ያኔም አልገባኝም። የት አለ ኬል? ብዬ ከትከሻዋ ሥር ተንጠራርቼ አየሁ። ያው ሴትዮዋ ናት የምትስቀው።

ፖፕ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክራል። "የምድር ወገብን የተሻገርን ቀን ነው" አለ። "ወጉ ነው ኢልማ። አንዱ የባሕር ንጉሥ፣ አንዱ ንግሥት ይሆናል፤ ከዚያ መስመሩን ተሻግሮ የማያውቀውን ሁሉ አረፋ ቀብተን ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን። ንግሥት እንድትሆን የመረጥነው ኬልን ነው። ጠጉሩ ገመድ ነው። ከንፈሩ የቀይ ሥር ጭማቂ ነው። አባትሽ ሰባኪ ነበሩ፤ ልጃቸውን በቀሚስ ባሳያቸው ይሞታሉ ብዬ ደበቅሁት። እሳቸው ሲያርፉ ደግሞ በምን ልጀምረው?"

"ይሄ ቀሚስ" አለች ናን፤ ጣቷን ከፎቶው ላይ አላነሳችም። "ይሄ የእናቴ የወጥ ቤት መጋረጃ ነው።"

"ከቤት ከምትልኩለት ኬክ ጋር የሚመጣው ጨርቅ ነው።"

"አውቃለሁ። እናቴ ኬኩን በቆርቆሮ ታሽገዋለች፣ እኔ በጨርቅ ጠቅልዬ እሰፋዋለሁ። ጨርቅ ሲያልቅብን መጋረጃውን ቀደድነው።"

"አንዱንም አልጣለውም። አጥቦ አጣጥፎ ከትራሱ ሥር ያስቀምጠው ነበር። ንግሥት ነህ ስንለው አወጣና ገጣጥሞ ሰፋው። ማንንም አላስነካም።"

ናን የምግብ ማዘጋጃው ጠርዝ ላይ ተደገፈች። ቀጥሎ የጠየቀችው ድምፅዋ በጣም ቀጭን ሆኖ ነው። "ዘሎ ነው?"

"ምን?"

"ባሕር ላይ ወድቆ ጠፋ ነው ያሉን፤ ሌላ ምንም አላሉንም። ከዚያ በፊት የጻፈልኝ ግን እንቅልፍ የለኝም፣ አልቻልኩም እያለ ነበር። አንተ እቃውን ይዘህ ቤታችን ስትመጣ ዓይኔን ማየት አቃተህ። ራሱን ጥሎ ነው፣ እሱም አይቶታል አልኩ። አርባ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የማስበው።"

ፖፕ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ። እንደዚያ ደንግጦ አይቼው አላውቅም።

"ዘሎ?" አለ። "ኧረ ኢልማ! እንቅልፍ አጥቶ የነበረው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሁላችንም አጥተን ነበር። ኋላ ለምዶ ሲስቅ ነው የሚውለው። ካካዎ ይዞ እየወጣ ነበር። ዝናብ ነበር፣ መሰላሉ ያንሸራትታል። ሁለቱንም ጆግ በአንድ ጊዜ ይዞ ወጣ። አንዱን አድርሰህ ተመለስ ብለነው ነበር፤ ሁለት ጊዜ መመላለስ አይወድማ።"

"አይወድም" አለች ናን። "ማገዶ ሲያመጣም እስከ አገጩ ቆልሎ ነው።"

"ማዕበሉ ሲመጣ የሚይዝበት እጅ አልነበረውም።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?"

"ምን ብዬ? ወንድምሽ ለካካዎ ሲል ሞተ ልበልሽ?" ባርኔጣውን ማሽከርከሩን አቆመ። "መድፍ መትቶት ቢሆን የዚያኑ ቀን እነግርሽ ነበር። ለካካዎ ግን… አፌ እምቢ አለኝ።"

ናን ፎቶውን እንደገና አየችው። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ወገቧን አቀፍኩ። እየሳቀች ነበር። "ለካካዎ!" አለች። "ያ ቂል! ያ ቂል ልጅ!" ከዚያ አለቀሰች፤ ባርኔጣዋ ተንሻፎ፣ ፖፕ ደረት ላይ፣ እኔ በመካከላቸው ተጣብቄ።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ሙሉ በሙሉ አላመንኳቸውም። አዋቂ ሰው አልቅሶ ሲታረቅና በማግሥቱ ሻንጣ ሲሸክፍ አይቻለሁ። ቤት እንደገባን መጀመሪያ ያደረግሁት መኝታ ቤታቸው ገብቶ ማየት ነው። ሻንጣዋ አሁንም አልጋው ላይ ተከፍታለች። ናን ገባችና ፎቶውን ኮሪደሩ ላይ ከኮስታራው ልጅ አጠገብ አስደገፈችው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ሻንጣዋን ሳትነካት ሄደች፤ ይኼ ለኔ መልስ አልነበረም።

ፖፕ ጓሮ ማንጎው ሥር ጋዜጣ ዘርግቷል፤ አያነበውም። እኔ የኋላው ደረጃ ግርጌ ተቀምጬ ማንደሪን እልጣለሁ፣ ጆሮዬ ግን ቤት ውስጥ ነው። ቁም ሣጥን ተከፈተ። ድስት ተጣደ። የካስተርድ ዱቄቱ ክዳን ሲከፈት ድምፁን ለየሁት። ብዙ ቆይቶ ናን በኋላው በር ብቅ አለች፤ በሁለት እጇ ሁለት ትልልቅ ኩባያ ይዛለች፤ በየኩባያው ማንኪያ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የመጀመሪያውን ደረጃ ረገጠች።

ፖፕ ጋዜጣውን ጥሎ ተነሳ። አልጮኸባትም። በዚያ ዕድሜው በጓሮው ሣር ላይ ሲሮጥ አየሁት፤ በአጠገቤ አልፎ ደረጃውን ወጣና አንዱን ኩባያ ከእጇ ተቀበላት። ናን በባዶ እጇ መደገፊያውን ያዘችና አብራው ወረደች።